541 ነጥብ፣ 4,300 ዶላርና የእቁብ ደብተር

የአክስቴ ልጅ በ2023 መጀመሪያ ላይ ደወለና «ቤት መግዛት ፈልጌ ነበር፣ ከየት ነው የሚጀመረው?» አለኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሰው ቤዝመንት (ምድር ቤት) ተከራይቶ በወር 950 ዶላር ይከፍላል። ኡበርና ሊፍት ይነዳል። ባንክ ያለው 4,300 ዶላር ነበር። ክሬዲቱ፣ ማለትም ዕዳ አከፋፈሉ የሚለካበት ነጥብ፣ 541። ከዚህ ሌላ ያለው አንድ እቁብ ብቻ ነው።

ጁን 2024 ላይ ባልቲሞር ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ለየብቻ የሚኖርበት ቤት ቁልፍ ተረከበ። ታች ራሱ ይኖራል፣ ላይኛውን ያከራያል። ይህንን የምጽፈው በፈቃዱ ነው። ስሙን አልጠቅስም፣ ቁጥሮቹን ግን እንዳሉ አስቀምጣለሁ። በእኛ ሰው መካከል ስለ ቤት ሲወራ «እገሌ ገዛ» ይባላል እንጂ በስንት፣ በምን ብድር፣ ከየት በመጣ ገንዘብ የሚለው አይነገርም። አዲስ የሚጀምረው ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

መጀመሪያ 541 ከየት መጣ የሚለውን ቁጭ ብለን አየን። ስልኩ ላይ ያለው አፕ 571 ነበር የሚያሳየው። ብድር ሰጪው ሲያወጣው ግን 541 ሆነ። ይሄ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። አፑና የቤት አበዳሪው የሚጠቀሙበት ስሌት የተለያየ ነው፣ ስለዚህ አፑ ላይ ባለው ቁጥር ተማምኖ መሄድ አያዋጣም። ሦስቱ ክሬዲት ቢሮዎች ማለትም ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩንየን ያላቸውን ሙሉ ሪፖርት በአንዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በነፃ አወጣን። በየሳምንቱ ማውጣት ይቻላል።

አራት ነገር አገኘን። አንደኛው የክሬዲት ካርድ ነው፤ ጣሪያው 3,000፣ ዕዳው 2,870። ሁለተኛው ለጓደኛው ኮሳይን ያደረገለት የመኪና ብድር። ጓደኛው ሁለት ጊዜ ከ30 ቀን በላይ አሳልፎ ከፍሏል፣ ሁለቱም ጊዜ የአክስቴ ልጅ ፋይል ላይም ተመዝግቧል። እኛ ዋስ መሆንን እንደ ወንድምነት ነው የምናየው፣ እምቢ ማለት ያሳፍራል። አሜሪካን ውስጥ ግን የፈረምክለት ብድር የራስህ ብድር ነው፣ ያሳለፈው ቀን ሰባት ዓመት ፋይልህ ላይ ይቀመጣል። ሦስተኛው 412 ዶላር የድሮ የስልክ ዕዳ፣ ኮሌክሽን የገባ፣ ማለትም ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ።

አራተኛው የሱ አልነበረም። የአባቱ ስም እዚህ እንደ ቤተሰብ ስም ነው የሚመዘገበው፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ በየወረቀቱ ይለያያል። አንዱ ላይ አንድ ፊደል ይደገማል፣ ሌላው ላይ ይጎድላል። በዚህ መሃል ተመሳሳይ ስም ያለው የሌላ ሰው ኮሌክሽን ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። ኖሮበት የማያውቀው የቴክሳስ አድራሻም አለው። የሐበሻ ስም ያለው ሰው ሁሉ ሪፖርቱን ሲያወጣ መጀመሪያ የስሙን አጻጻፍና የድሮ አድራሻዎቹን ቢያይ ደስ ይለኛል።

በዚህ መሃል አንድ «ክሬዲት አጸዳለሁ» የሚል ሰው 1,200 ዶላር ቅድሚያ ጠየቀው። ሊከፍል ነበር። አትክፈል አልኩት። የፌዴራል ሕጉ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሰጥ ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰውየው የሚያደርገውን ሁሉ ራሱ በነፃ ማድረግ ይችላል። የመንጃ ፈቃዱንና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን ኮፒ አያይዞ ለቢሮዎቹ ጻፈ። በተለምዶ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መመለስ አለባቸው። የቴክሳሱ ዕዳ ወጣ።

ነጥቡን ከሁሉም በላይ ያነሳው ግን ካርዱ ነው። ፋይኮ ከሚባለው የክሬዲት ነጥብ 35 ከመቶው በጊዜ መክፈል፣ 30 ከመቶው ደግሞ ያለብህ ዕዳ መጠን ነው። ያለፈውን መዘግየት መፋቅ አይቻልም፣ ዕዳውን ግን መቀነስ ይቻላል። በአምስት ወር 2,870ን ወደ 240 አወረደው። ቅዳሜና እሑድ ሌሊት ነድቶ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ካርዱን ግን አልዘጋውም፣ ቢዘጋው ጣሪያው ይጠፋና ይጎዳዋል። የስልኩንም ዕዳ ከፈለ፣ ነጥቡ ግን በዚያ ምክንያት አልጨመረም። የቤት አበዳሪዎች የሚጠቀሙባቸው የድሮ ስሌቶች የተከፈለን ኮሌክሽንም እንደ ጥፋት ነው የሚቆጥሩት። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፣ ከፍሎ ጠብቆ ከማዘን ያድናል።

በ2023 መጨረሻ 598 ደረሰ። በ2024 ጸደይ ሦስቱ ቢሮዎች 612፣ 627 እና 641 ሰጡት። አበዳሪ መካከለኛውን ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ 627።

አሁን ስለ ብድሩ። የተጠቀመው ኤፍ ኤች ኤ የሚባለውን ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ከ1934 ጀምሮ ያለ ነው፣ ራሱ አያበድርም፣ ለአበዳሪው ዋስትና ይሰጣል። በሕጉ 580 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ያለው ሰው የቤቱን ዋጋ 3.5 ከመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይዞ መግዛት ይችላል። ከ500 እስከ 579 ያለው 10 ከመቶ ይጠየቃል። ለ190,000 ዶላር ቤት ልዩነቱ 6,650 ወይስ 19,000 ነው። ለዚህ ነው ከ541 ወደ 580 መሻገሩ ከሌላው ሁሉ የቀደመው። ግን ሕጉ 580 አለ ማለት ሁሉም አበዳሪ በ580 ያበድራል ማለት አይደለም። የራሳቸውን ከፍ ያለ መስፈርት ይጨምራሉ። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ፋይሉን እንኳን ሳይከፍቱ ነው የመለሱን።

ኤፍ ኤች ኤ ከአንድ እስከ አራት ቤተሰብ ለሚኖርበት ቤት ብድር ዋስ ይሆናል፣ ገዢው በ60 ቀን ውስጥ ገብቶ ቢያንስ አንድ ዓመት እስከኖረበት ድረስ። ትንሽ ገንዘብ ላለው ሰው በሩ እዚህ ጋ ነው። የሁለት ቤተሰብ ቤት ከሆነ ከሌላው ክፍል ከሚገመተው ኪራይ 75 ከመቶው እንደ ገቢህ ይቆጠርልሃል። ባለ ሦስትና ባለ አራት ላይ ሌላ ጠንከር ያለ ፈተና አለ፣ እሱ ውስጥ አልገባንም።

ዋጋ አለው ግን። ለዋስትናው 1.75 ከመቶ የመድን ክፍያ መጀመሪያ ላይ ብድሩ ላይ ይደመራል። በዚህ ቤት 3,209 ዶላር ሆነ። ከዚያ በየዓመቱ 0.55 ከመቶ፣ በወር 84 ዶላር። ቅድሚያው ከ10 ከመቶ በታች ከሆነ ይህ የወር መድን ብድሩ እስኪያልቅ አይወርድም። ማምለጫው አንድ ቀን ሪፋይናንስ ማድረግ (ብድሩን በሌላ ብድር መተካት) ወይም መሸጥ ነው። ይህን የሚሸፋፍን ሎን ኦፊሰር (የአበዳሪው ሠራተኛ) ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ነጥቡ ከተስተካከለ በኋላ ገቢው ተራውን ያዘ። በ2022 ታክሱ ላይ ጠቅላላ ገቢው 61,000 ዶላር ነው። ማይሌጅ፣ ማለትም ለሥራ በነዳው ማይል ልክ የሚታሰበው ወጪ፣ እና የኩባንያዎቹ ድርሻ ተቀንሶ የተጣራው 19,400። በ2023 የተጣራው 27,600። ለራሱ ለሚሠራ ሰው አበዳሪ የሚያየው የሁለት ዓመቱን አማካይ የተጣራ ገቢ ነው፣ እጅህ የገባውን አይደለም። ስንት ሹፌር ነው ኤፕሪል ላይ ታክስ ቀነሰልኝ ብሎ ተደስቶ ቤት ልግዛ ሲል የተመለሰው።

ሁለተኛው ሎን ኦፊሰር ግን አንድ ነገር አወቀ። በማይል ከሚቀነሰው ውስጥ የተወሰነው የመኪናው እርጅና ነው፣ በ2022 26 ሳንቲም፣ በ2023 28 ሳንቲም። ይህ ከኪስ ያልወጣ ወጪ ስለሆነ ተመልሶ ገቢ ላይ ይደመራል። በ2022 45,000 ማይል፣ በ2023 40,000 ማይል ነድቷል። ሲደመር የሁለቱ ዓመት አማካይ 34,950 ሆነ፣ በወር 2,912። ማይሉን በየቀኑ ይመዘግብ ስለነበር ጥያቄ አላስነሳም። የጓደኛው መኪና ብድር ደግሞ ከሱ ዕዳ እንዲወጣ ጓደኛው የመጨረሻዎቹን 12 ወራት ሳያሳልፍ ከራሱ ሂሳብ መክፈሉን በባንክ ወረቀት አሳየ። ጓደኛውን አመሰግናለሁ፣ ያንን ዓመት አንድም ቀን አላሳለፈም።

ከሁሉም የከበደን እቁቡ ነው።

እቁቡ ሃያ ሰው ነው፣ በወር 500 ዶላር፣ ዕጣው 10,000። የጀመረው ኅዳር 2015 ነው፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2022። ለአክስቴ ልጅ ዕጣው የወጣለት በ17ኛው ወር፣ መጋቢት 2016 ላይ ነው። ገንዘቡ ባንክ ገባ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአበዳሪው ኢሜይል መጣ፦ ይህ 10,000 ዶላር ከየት ነው? እቁብ ነው አልን። ደብተሩን ላኩ አሉ።

የእቁቡ ጸሐፊ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ የሚሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጡ አገኘናቸው። ደብተሩን ከመኪናቸው ኮፈን ላይ ዘርግተው ነው ያሳዩን። ሰማያዊ ልባድ፣ በእስክሪብቶ የተሠመረ፣ በእያንዳንዱ ሰው አጠገብ ራይት ምልክት። አሥራ ሰባት ወር ሙሉ አንድ ስህተት የለውም። «ጋሼ፣ ይሄ የሱ ስም የትኛው ነው?» አልኳቸው። በጣታቸው አሳዩኝ። «ረጅሙ» ይላል። ከሱ በላይ ያለው «የዳቦ ቤቷ»፣ ከሱ በታች ያለው «ታናሽየው»።

እንደዚያው ፎቶ አንስተን ላክነው። መልሱ ከሦስት ቀን በኋላ መጣ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ዓመት 2015 ነው፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተሰበሰበ ገንዘብ ለምን አሁን ባንክ ገባ? ስሙስ የታል?

በዚያ ቀን ተስፋ ቆርጦ ነበር። እኔ ግን የኤፍ ኤች ኤን መመሪያ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። መመሪያው ውስጥ «የግል የቁጠባ ማኅበር» የሚል ክፍል አለ። እቁብ አይለውም፣ ግን እቁብ ነው። ማኅበሩ መቼ እንደተቋቋመና ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ተበዳሪው ገንዘቡን መቀበሉ፣ የሂሳብ መዝገብና ደረሰኝ፣ የገንዘብ ያዡ ማረጋገጫ ከቀረበ ተቀባይነት አለው። አንድ ነገር ይጨምራል፦ ገንዘቡ የተጠራቀመ እንጂ የተበደረ መሆን የለበትም።

ይህ የመጨረሻው ቃል ነው ዋናው። እቁብ መጀመሪያ የወጣለት ሰው ብድር እንደወሰደ ነው፣ ገና ሊከፍለው ነው። መጨረሻ ላይ የወጣለት ቆጥቧል። የአክስቴ ልጅ ዕጣው ሲያልፈው ለወራት ይበሳጭ ነበር። እሱ 17ኛ ላይ ሲወጣ የከፈለው 8,500 ደርሷል፣ የቀረው 1,500 ብቻ ነው። አበዳሪው 8,500ውን እንደ ራሱ ቁጠባ ቆጠረለት፣ 1,500ውን አልቆጠረም። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ወር ላይ ወጥቶለት ቢሆን ኖሮ ከ10,000ው የሚቆጠርለት 1,000 ወይም 1,500 ብቻ ነበር።

ወረቀቱን እንዲህ አዘጋጀነው። ደብተሩ ተተረጎመ፣ በእያንዳንዱ ወር አጠገብ የፈረንጅ ቀኑ ተጻፈ። ስለ ዘመን አቆጣጠራችን አንድ ገጽ ደብዳቤ ተያያዘ። ጸሐፊው እቁቡ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት አባል እንዳለው፣ «ረጅሙ» የሚለው ማን እንደሆነ ጽፈው ፈረሙ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ በየወሩ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ መላኪያ) የላከው 500 ዶላር ከባንክ ወረቀቱ ላይ ወጣ፣ 14 ጊዜ። ሦስቱን ወር በጥሬ ገንዘብ ነበር የሰጠው። ለነሱ ከሱ የባንክ ወረቀት ላይ በዚያው ሳምንት ያወጣውን አሳየን። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልመጣም።

ቤቱ ለምን ባልቲሞር? ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት ያለው ቤት በሱ አቅም አይታሰብም። ባልቲሞር ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ በስተምሥራቅ፣ ዌቨርሊ በሚባለው ሰፈር፣ በ1920ዎቹ የተሠራ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የሁለት ቤተሰብ ቤት በ190,000 ተገኘ። ዋጋው ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው። የከተማው የንብረት ታክስ በ100 ዶላር ግምት 2.248 ነው፣ ዙሪያውን ካሉት ካውንቲዎች እጥፍ ይሆናል። «ከታክሱ ጋር ስንት ነው?» ሳይባል ዋጋውን ብቻ ማየት እዚያ ከተማ ያሳስታል።

ሌላም አለ። ባልቲሞር ውስጥ ብዙ ቤት ግራውንድ ሬንት የሚባል የመሬት ኪራይ አለበት፣ ቤቱ የአንተ፣ መሬቱ የሌላ ሰው። ይሄኛው በዓመት 96 ዶላር ነው። ትንሽ ትመስላለች፣ ከተረሳች ግን ክስ ታመጣለች። በዚያ ዘመን የተፈረመ ውል በ6 ከመቶ ስሌት መሬቱን ገዝቶ ማስቀረት ይቻላል፣ ለዚህ ቤት 1,600 ዶላር ይሆናል። አሁን እያጠራቀመ ነው።

የኤፍ ኤች ኤ ገማች፣ የቤቱን ዋጋና ይዞታ የሚያየው፣ ሲመጣ የፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳ ላይ ቆመ። ጣቱን አምዱ ላይ አሳረፈ፣ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተላጦ ወደቀ። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት የተላጠ ቀለም ሊድ (መርዛማው እርሳስ) ሊኖረው ይችላል፣ ስለዚህ ተፍቆ ካልተቀባ ብድሩ አይለቀቅም። ሻጩ መጀመሪያ አልፈለገም። ሪልተሯ (የቤት ደላላችን) ጎበዝ ናት፤ ይህ ሪፖርት ለሚቀጥለው የኤፍ ኤች ኤ ገዢም ይተላለፋል ብላ አስረዳችው። ቀባ። ከዚያም በላይ ከዋጋው 4 ከመቶ፣ ማለትም 7,600 ዶላር፣ ለክሎዚንግ (ግዢውን ለመጨረስ) ወጪ እንዲሰጥ ተስማማ። ሕጉ እስከ 6 ከመቶ ይፈቅዳል። የክሎዚንግ ወጪው 10,900 ነበር። ስለዚህ 6,650 ቅድሚያ፣ 3,300 የቀረ ክሎዚንግ፣ 1,200 ለኢንስፔክተርና ለገማች፤ በድምሩ 11,150 ከኪሱ ወጣ።

ወለዱ 6.75 ከመቶ ነው፣ ለ30 ዓመት። ዋናው ብድር ከነወለዱ 1,210፣ መድን 84፣ ታክስ 295፣ የቤት ኢንሹራንስ 105፣ ግራውንድ ሬንት 8፤ በወር 1,702። የላይኛው ክፍል ኪራይ 1,300 ተገመተ፣ 975 ተቆጠረለት። ክፍያው ከገቢው ወደ 44 ከመቶ ሆነ። የተለመደው ጣሪያ 43 ነው፣ የአበዳሪው ኮምፒውተር ግን ከዚያ በላይም ሊያሳልፍ ይችላል፣ አሳለፈው። ጠባብ ነበር። ያኔ አንድ ዓመት ቆይ ብዬዋለሁ፣ አሁንም ምክሬ ትክክል ነበር ብዬ አስባለሁ። ቁልፍ በተረከበ ቀን እጁ ላይ 3,150 ዶላር ብቻ ነበር፣ ከዚያ ላይ ደግሞ የእቁቡ የመጨረሻ ክፍያ ነበረበት።

ፍርሃቴም ደረሰ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ለማከራየት ስቴቱ ጋ መመዝገብና የሊድ ምርመራ ወረቀት ማውጣት ያስፈልጋል፣ ባልቲሞር ከተማ ደግሞ የራሷን የማከራያ ፈቃድ ትጠይቃለች። ይህን ከክሎዚንግ በፊት ማንም አልነገረንም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የመጀመሪያው ምርመራ ወደቀ፣ መስኮቱ ጫፍ ላይ የሊድ አቧራ ተገኘ። ሁለት ወር ሙሉ ላይኛው ክፍል ባዶ ቆመ። 2,600 ዶላር ኪራይ ቀረ። ሙሉውን 1,702 ለብቻው ከፈለ፣ ሁለት ጊዜ። ሌሊት ሌሊት የባልቲሞሩ ቢደብሊውአይ ኤርፖርት ሲነዳ ያድር ነበር። ተከራይ የገባው ሴፕቴምበር ላይ ነው። ዲሴምበር ላይ ደግሞ የውኃ ማሞቂያው ፈነዳ፣ 1,450። ያንን በካርዱ ነው የከፈለው፣ ነጥቡ ለሦስት ወር ወረደ።

አሁን ሂሳቡ እንዲህ ነው። 1,702 ሲቀነስ 1,300፣ 402። ውኃ 120። ለጥገና በየወሩ 200 ያስቀምጣል። 722 ነው፣ ድሮ ለቤዝመንት ከሚከፍለው ያነሰ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከዋናው ብድር ወደ 2,000 ዶላር ወረደ። ደንበኞቹ ግን ዋሽንግተን ዲሲ ነበሩ፣ ዲሲ ከቤቱ 40 ማይል ነው። አሁን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ኤርፖርቱ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ጓደኞቹም ሲልቨር ስፕሪንግ ቀርተዋል፣ እሑድ እሑድ ይመለሳል። ይህን ኪሳራ በዶላር አላስቀምጠውም፣ ግን ስንነጋገር ከሁሉም በላይ የሚያነሳው እሱን ነው።

አንዱ ዓመት በጁን 2025 ሞላ። ከፈለገ ለቅቆ ታችኛውንም ማከራየት ይችላል። እስካሁን አልወጣም፣ መጀመሪያ ግራውንድ ሬንቱን ላስቀር፣ የስድስት ወር ክፍያ ባንክ ላስቀምጥ ይላል።

አዲስ እቁብ ተጀምሯል፣ ያው ጸሐፊ። ደብተሩን ባለፈው አየሁት። ልባዱ አሁንም ሰማያዊ ነው። በውስጡ ግን ሁለት የቀን ዓምድ ተሠምሯል፣ አንዱ የኛ፣ አንዱ የፈረንጅ። የሁሉም ሰው ስም ከነአባቱ፣ መታወቂያው ላይ እንዳለው ተጽፏል። ክፍያው በዜል ብቻ ነው። ከአባላቱ ሦስቱ ቤት ፍለጋ ላይ ናቸው፣ ዕጣውም ወደ መጨረሻ እንዲሆንላቸው ጠይቀዋል።